የአባቴ ግራ ጎን

እናቴ በዕድሜዋ አንድ ጊዜ ስስታም ተብላለች፤ ያላትም የገዛ ባሏ ነው። ስስታም! ያቺን ሴት! ጎረቤት ሳትጠራ የማትበላ፣ ለራሷ ሳይተርፋት ሲቀር "እኔ ቅድም ቀምሻለሁ" ብላ የምትዋሽ ሴት።

"ምነው ሰሞኑን ሰሰትሽብኝ?" አላት አባቴ ከገበታው ቀና ብሎ።

ገበታው ላይ ግማሽ እንጀራ ከነወጡ ቁጭ ብሏል። አባቴ በስተቀኙ ያለውን ጥርግ አድርጎ በልቶ በስተግራው ያለውን አልነካውም። እናቴ እንጀራውን አየች፣ እሱን አየች፣ "ይኸው ፊትህ አይደል እንዴ?" ብላ ትሪውን አዞረችለት። ፊቱ በራ። "እንዲህ ነው እንጂ! የደበቅሽውን አወጣሽው!" ብሎ መብላቱን ቀጠለ። እኔና እሷ ተያየንና ሳቃችን አመለጠን። ሲያሾፍ ነው ብለን ነዋ! አባቴ ሲያሾፍ ፊቱ ፍንክች አይልም ነበር።

ያ ሳቅ ነው የበሽታው መጀመሪያ። የነቀርሳ ነገር ላውራ ስል ሰው ሁሉ ፊቱን ያጨማድዳል። አታጨማድዱ። እንደዚያ ዓመት የሳቅንበት ጊዜ የለም፤ ለምን እንደሳቅን ደግሞ እነግራችኋለሁ።

ቤታችን ጉለሌ፣ ከሽሮ ሜዳ ትንሽ ከፍ ብሎ ነበር። ወላጆቼ ከጋሞ ደጋ በእግራቸው የመጡ ናቸው። አባቴ ሸማኔ፣ እናቴ ፈታይ፣ እኔ አንድ ለእናቷ። ጊዜው የጣሊያን ጊዜ ነው። መንገዱን ወታደር ይዞታል፣ ከእንጦጦ ወዲያ ተኩስ ይሰማል፣ ከሠፈራችንም ወጥቶ ያልተመለሰ ሰው ነበር። ይህን አልረሳሁም። ግን ሰው በጣሊያን ጊዜም ይበላል፣ ይሸምናል፣ ልጅ ይድራል። እኛ ቤት ያን ዓመት የሚታሰበው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ የኔ ሠርግ።

ጣሊያን ከመግባቱ በፊት አባቴ ውስጥ እግሩ ላይ ጥቁር ነገር ወጥቶበት ነበር። ሸማኔ ጉድጓድ አፍ ላይ ተቀምጦ፣ እግሩን ወደ ታች ሰዶ እየረገጠ ነው የሚሠራው፤ እና ከአፈሩ የመጣ እድፍ መስሎን በእንዶድ ፈተግነው። አልለቀቀም። ቆይቶ መድማት ጀመረ። አንድ የውጭ አገር ሐኪም ነቀርሳ ነው ብሎ ቆርጦ አወጣለት፣ ቁስሉም ዳነ። አባቴ "እግሬ ቀለለኝ" እያለ ወደ ጉድጓዱ ተመለሰ። እኛም ተቆርጦ ወጣ፣ አበቃ ብለን ረሳነው።

አሁን ወደ ሠርጌ። ልጁን አይቼዋለሁ፣ ወድጄዋለሁም። በዚያን ጊዜ እንዲህ ብሎ መናገር ነውር ነበር፤ ዛሬ ማን ይቆጣኛል! አባቱ ቁስቋም አጠገብ የሚኖሩ፣ እሳቸውም ሸማኔ፣ በሙያቸው የተከበሩ ሰው ነበሩ። ሆደ ባሻ ናቸው እንጂ። ሰላምታ ከጎደለባቸው ዓመት ያኮርፋሉ ይባል ነበር።

ታዲያ የሠርጉን ቀን ሊቆርጡ ከሁለት ሽማግሌዎች ጋር መጡ። አባቴ ተነሥቶ በስተቀኙ የቆሙትን ሁለቱን ሽማግሌዎች አገላብጦ ሳመ። የእጮኛዬ አባት በስተግራው እጃቸውን ዘርግተው ቆመዋል። አባቴ ዝም ብሎ ተቀመጠ። እጃቸው አየር ላይ ቀረ። እሳቸውም ነገሩን ዋጥ አድርገው እዚያው በግራው በኩል ተቀመጡ። ጠላ ሲቀዳ አባቴ ለሁለቱ ጋበዘ፣ ለሦስተኛው አላለም። ይህም ያልፍ ነበር። ግን ቀና ብሎ ሽማግሌዎቹን "የልጁ አባትስ? ምነው ቀረ?" አላቸው።

ከጎኑ ተቀምጠው! ክንዳቸው ክንዱን እየነካው!

የእጮኛዬ አባት ብድግ አሉ። "እኔ ልጄን ሜዳ ላይ አላገኘሁትም!" አሉና ወጡ። ሽማግሌዎቹም ተከተሉ። አባቴ በሩን እያየ "ምን ሆነው ነው?" ይላል። እናቴ እጇን አፏ ላይ ጭና ቀረች። ሠርጉ በዚያው ተቋረጠ።

አለቀስኩ፣ ተንሰቀሰቅኩ። አባቴን አኮረፍኩት። ማኩረፌን ግን ልብም አላለው፤ ለካ በግራው ቁጭ ብዬ ነው የማኮርፈው! ሠፈሩም ማውራት ጀመረ። በግራው እያለፉ "እንዴት አደሩ" የሚሉት ሁሉ መልስ አጥተው "ኮራ፣ ልጁን ሊድር ነውና ኮራ" ይሉ ጀመር። እናቴ ደግሞ ነገሩን መተት ነው ብላ አንዷን ጎረቤታችንን ጠረጠረቻትና ዘጋቻት። አባቴን ቁስቋም ወስዳ ጠበል አስጠመቀችው። ረጥቦ፣ ተንቀጥቅጦ፣ "ጥሩ ነው፣ ራስ ምታቴን ቀለል አደረገልኝ" እያለ ተመለሰ። ራስ ምታት እንዳለበት ያን ቀን ነው የሰማነው። ጠዋት ጠዋት ሲያስመልሰውም ከኛ ተደብቆ ኖሯል።

ዋናው ጉድ የወጣው ከሸማው ነው። ነጠላ ሁለት ቁራጭ ሆኖ ተሠርቶ ጎን ለጎን ነው የሚሰፋው። የኔን የሙሽራ ነጠላ ከራሱ በቀር የማንም እጅ እንዳይነካው አባቴ ምሎ ነበር፤ ሠርጉ ቢቋረጥም ሥራውን አላቆመም። የመጀመሪያውን ቁራጭ አውርዶ ለእናቴ ሰጣት። ዘረጋችው። ነጩ እንደ ወትሮው እንከን አልነበረውም። መወርወሪያው ከዳር እስከ ዳር ስለሚሄድ እጁ ራሱ ያውቀዋል። ጥለቱ ግን በጣት ክር እየተለቀመ የሚሠራ ነው፤ እና ጥለቱ ከቀኝ ጀምሮ፣ አምሮ፣ ደምቆ መጣና መሐል ላይ ቀጥ አለ። ግራው ባዶ ነው።

"ምነው፣ ቀለም አለቀብህ?" አለችው።

"የምን ማለቅ? ሙሉ አይደል?"

"የታል ሙሉው?"

"ዓይንሽን ምን ነካው አንቺ ሴት!" ብሎ ጥለቱን በጣቱ አሳያት። የቀኙን ነው የሚያሳያት። በእርግጠኛነት ነው የሚናገረው፤ ከእሷ ዓይን ይልቅ የሱን ልመን እስክል ድረስ። ያን ጊዜ በጣም ፈራሁ። እናቴም ነጠላዋን ተከናንባ "ተነሡ፣ ሐኪም ቤት" አለች።

መንገድ ላይ አንድ ወታደር ከወደ ግራ "ቁም!" ብሎ ጮኸ። አባቴ ሰምቶ እንዳልሰማ መሄዱን ቀጠለ። እናቴ ተወርውራ በመሐላቸው ቆመችና ራሷን ይዛ፣ ዓይኗን አፍጣ፣ አሞታል፣ አሞታል እያለች በእጇ አስረዳች። ወታደሩ ሂዱ አለን። ከዚያ ቀን ወዲያ ባሏን ከግራው ሳትሆን አንድ እርምጃ አላስኬደችውም።

ሐኪሙ ሽማግሌ ጣሊያን ነበር፤ አስተርጓሚው ከመረብ ማዶ የመጣ ትሑት ሰው። ሐኪሙ ሁለት እጁን ግራና ቀኝ ዘርግቶ ጣቶቹን አወዛወዘ። "የቱ ነው የሚንቀሳቀሰው?" አባቴ ወደ ቀኝ አመለከተ። ሁለቱም ይንቀሳቀሱ ነበር። ቀጥሎ ሐኪሙ ከፋሻ ላይ ክር መዘዘ፣ ጠረጴዛው ላይ ዘረጋውና ለአባቴ መቀስ ሰጠው። እኩል ቦታ ላይ ይቁረጡት ይላል አለ አስተርጓሚው።

አባቴ ሳቀ። "ይህን ለሕፃን አይሰጥም?" አለ። እውነቱን ነው፤ የክር እኩሌታ ለማግኘት አባቴ ለክቶ አያውቅም፣ በዓይኑ ብቻ ነው። ጎንበስ ብሎ ቀጭ አደረገው። እናቴ "ውይ!" አለች። አንዱ ቁራጭ የሌላውን እጥፍ ነበር።

አባቴ ሁለቱን ቁራጮች አንሥቶ ጎን ለጎን አድርጎ በጣቱ ዳሰሳቸው። ደግሞ ዳሰሳቸው። "ይህን የቆረጥኩት እኔ ነኝ?" አለ ቀስ ብሎ። ለእናቴ ዓይን ያልተሸነፈው ሰው ለክሩ ተሸነፈ።

ሐኪሙ ዓይንህ ጤነኛ ነው አለው። አእምሮህም አልጠፋም። ግን በቀኝ በኩል ያለው አንጎል ነው የግራውን ዓለም የሚጠብቀው፤ እዚያ ላይ አንድ ነገር ተቀምጦ ተጭኖታል። ስለዚህ ግራህ አይጨልምብህም፤ ጭራሽ ትዝ አይልህም። ከዚህ በፊት የተቆረጠ፣ የወጣልህ ነገር አለ ወይ ብሎ ጠየቀ። አባቴ ጫማውን አወለቀ።

"ኧረ ያ የእግሩ ነው!" አለች እናቴ። "እሱ ድኗል። እኛ የመጣነው ለራሱ ነው። እግርና ራስን ምን አገናኛቸው?"

"ደም" አለ ሐኪሙ። ጠባሳውን እያየ፣ ብሽሽቱ ላይ ያለውን እብጠት እየነካ፣ ሳይቸኩል አስረዳን። ይህ የራስ በሽታ አይደለም። ያው የእግሩ ነው። የቆረጠው ሐኪም የታየውን ሁሉ ቆርጧል፤ ግን ከመቆረጡ በፊት ከሱ የተቆነጠረ ቅንጣት በደም ተጉዞ አንጎል ውስጥ ሠፍሮ፣ እዚያ ሲያድግ ቆይቷል። የማንም መተት አይደለም፣ እብደትም አይደለም፤ እሱም ያጠፋው ጥፋት የለም።

አባቴ ለአስተርጓሚው "እንግዲህ እኔ ዕድሜ ልኬን ጉድጓድ ውስጥ ቁጭ ስል፣ እሱ ከእግሬ ተነሥቶ እንጦጦ ወጣ በለኛ!" አለው። አስተርጓሚው ከመተርጎሙ በፊት ሳቁ ቀደመው። ሲተረጉምለት ሐኪሙም ሳቀ፣ ሳቁን ሳይጨርስ መነጽሩን አውልቆ መጥረግ ጀመረ።

"ይቆረጣል?" አለች እናቴ።

አይቆረጥም አለ። እጅ የሚገባበት ቦታ አይደለም፤ አንድ ብቻ ላይሆንም ይችላል። ለራስ ምታቱ መድኃኒት ሰጠው። ለኛም ሁልጊዜ ከግራው ሆነን እንድንጠራው መከረን፣ ሲጠራ አንገቱን ማዞር ይለምዳል ብሎ።

"ለጥር እደርሳለሁ?" አለ አባቴ። የሠርግ ወር ነው ጥር።

"ልትደርስ ትችላለህ።"

"ከዚያ ወዲያ ያለውን አልጠየቅኩህም" አለና ጫማውን አጠለቀ።

ስንመለስ ደስ ብሎኝ ነበር ብል ትታዘቡኝ ይሆናል። ግን ደስ ብሎኝ ነበር። አባቴ ሊሞት መሆኑን ሰምቻለሁ፤ ነገር ግን አልናቀኝም፣ ሠርጌን አልጠላም፣ አልኮራም። እናቴም እንደኔ ሳይሆን አልቀረችም። ቤት ከመግባቷ በፊት የዘጋቻትን ጎረቤታችንን አቅፋ፣ ሳመችና አለቀሰች። ሴትዮዋ ምን እንደተባለች እንኳ አታውቅም ነበርና "ምነው፣ ምነው እህቴ?" እያለች አብራ አለቀሰች።

በማግሥቱ እናቴ ግማሽ ጥለት ያለውን ሸማ ጠቅልላ ቁስቋም ወጣች። ነውር ቢሆንም ተከተልኳት። የእጮኛዬ አባት ደጃቸው ላይ ክር ሲያጠነጥኑ አገኘናቸው። ቀና ብለው አላዩንም። እናቴ ስለ በሽታው ልታስረዳ ጀመረች፤ "የማይመስል ነገር" ብለው አቋረጧት። እሷም ክርክሩን ተወችና ሸማውን ጭናቸው ላይ ዘረጋችው።

የቀኙን ጥለት በአውራ ጣታቸው ዳሰሱ፣ እየተከተሉ መሐል ላይ ሲደርሱ ጣታቸው ቆመ። ገልብጠው አዩት። "የልጁ የሙሽራ ልብስ ነው ይህ?"

"አዎ።"

"እና ሙሉ ነው ይላል?"

"ሙሉ ነው ብሎ ይምላል።"

"እኔን ጠልቶ ሊዘጋኝ ይችላል" አሉ። "ይህን ግን ጠልቶ አያጎድለውም። ለልጁ! ወይኔ ወንድሜን! በግራው ነበርኩ እኮ!" ብለው ድንገት ተነሡና ከኛ ቀድመው ቁልቁለቱን ወረዱ።

ቤታችን ገብተው በስተቀኙ ቆሙ። አባቴ አያቸው፣ ዘሎ አቀፋቸው። "አንተ ሰው! ያን ቀን የት ቀረህ?" ሲላቸው ሁለቱም እንባ እስኪወጣቸው ሳቁ።

ሠርጉም እንደገና ለጥር ተቆረጠ። ከዚያ ወዲያ በየቀኑ ይመጡ ጀመር። ሁለተኛው ቁራጭ ላይ አባቴ ተቀምጧል፤ እሳቸውም በስተቀኙ ቁጭ ብለው የአገር ቤት ወሬ ያወራሉ። ጥለቱ ጭራሽ ጠበበ! በቀኙ ወሬ ሲሞቅ ግራውን ጨርሶ ረሳው። እናቴ አንድ ቀን እንዝርቷን ወርውራ ተነሣች።

"ኧረ እርስዎ! ጥለቱን እየበሉብን እኮ ነው! በሉ ወደ ግራ ይሂዱልን!"

በግራ ተቀምጠው ሰላምታ ቢጎድልባቸው ሠርግ ያፈረሱት ሰውዬ፣ ከዚያ ቀን ጀምሮ ሥራቸው በግራ ተቀምጦ መጮኽ ሆነ። አባቴ ክሩን ከቀኝ እየለቀመ ይመጣና መሐል ላይ ሲደርስ ይቆማል። ያን ጊዜ እሳቸው "እኔ ጋ ቀረህ!" ይላሉ። አባቴ አንገቱን ያዞራል፣ "ውይ፣ ለካ አለህ!" ይላል፣ ጣቶቹ ክር በክር እየዳሰሱ ወደ ግራ ይሄዳሉ። ሌላው መስመር ላይም "እኔ ጋ ቀረህ!" አባቴ አንዳንዴ ይማረራል። "አንተ ሰው፣ ገነት ብገባ እንኳ በግራዬ መጥተህ ልትጮህብኝ ነው!" ይላቸዋል። "መጀመሪያ ግባ እስቲ" ይሉታል። እኔ ቀለም እያጠነጠንኩ ሆዴን ይዤ እስቃለሁ። ጥለቱ በጩኸት ሰፋ፣ ዳር ደረሰ፣ ሞላ።

እናቴ የፊተኛው ቁራጭ ይቅርና ሌላ ይሠራ ብላ ነበር። ጊዜ አልነበረም፣ አባቴም አልፈለገም። "ሁለቱም የኔ ናቸው፤ ስፊያቸው" አላት። ሰፋቻቸው። አንዱ ግማሽ፣ አንዱ ሙሉ። ያን ነጠላ ያየች የሽሮ ሜዳ ሴት ኋላ "እንደ ሙሽራዋ ዓይነት፣ ግማሹ ባዶ የሆነ አዲሱ ጥለት ይሠራልኝ" ብላ መጥታለች። እግዜር ያሳያችሁ!

አባቴ ከፋሲካ በፊት ዐረፈ። ይህን አሁን ተናግሬ ልገላገል፤ ወሬዬን በሱ መጨረስ አልፈልግም።

ሠርጉ ጥር ላይ በቀን ሆነ። ወታደሮቹ ከበታች ስለነበሩ እልልታውን በነጠላችን እያፈንን፣ ከበሮውን በጭብጨባ ተክተን፣ ግን ጨፈርን። እንዴት ያለ ጭፈራ መሰላችሁ! አባቴ ያን ጊዜ ብቻውን መቆም አቅቶታል፤ በርጩማ ላይ በትራስ ደግፈው በር ላይ አስቀመጡት። የእጮኛዬ አባት በግራው ተቀምጠዋል። ቦታቸውን ለማንም አልለቀቁም።

የወላጅ ጉልበት የምንስምበት ሰዓት ደረሰ። ሙሽራው በቀኝ፣ እኔ በግራ ሆነን ተንበረከክን፤ ማን ያንን ያስታውሳል በዚያ ግርግር! አባቴ ሙሽራውን ሳመው፣ መረቀው። ቀና አለ። እኔ ጉልበቱ ላይ ግንባሬን ደፍቻለሁ።

"ልጄስ?" አለ። "ሙሽራዋ የታለች?"

ጭብጨባው ቆመ። እናቴ ከሴቶቹ መሐል እየገፋች ወደ ግራው መሮጥ ጀመረች።

"እኔ ጋ ቀረህ!" ብለው ጮኹ የእጮኛዬ አባት።

አባቴ አንገቱን ማዞር ጀመረ። እንደ ድሮው ቶሎ አልዞረለትም። እጁ ግን ቀደመው፤ ከቀኝ ጉልበቱ ተነሥቶ፣ ጣቶቹ ክር እንደሚለቅሙ እየዳሰሱ፣ ቀስ እያሉ ወደ ግራ መጡ። ነጠላዬን አገኙ። ጥለቱን አገኙ። ጫፉን ተከትለው ጉንጬ ላይ ደረሱ።

"ይኸውላችሁ!" አለ አባቴ እየሳቀ። "ሙሉ ናት።"

ያን ጊዜ እናቴ ወታደሩን ረስታ እልል አለች።